ከቆርቆሮ ወደ ሮቶ፦ የዝናብ ውሃን ለመጠጥ እንዴት እናጠራቅም?

ሴት ልጄ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ባለፈው ወር ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ በቅለው ወጡ። ነጭ ናቸው። ለሌላ አገር ሰው ይኼ ወሬ ላይሆን ይችላል፤ እኛ ሰፈር ግን ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ "እስቲ ሳቂልኝ" እያለ ነው የሚያያት። የተወለድኩት ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዱ ነው። የእኔም፣ የወንድሞቼም፣ አብረውኝ የተማሩት ልጆችም ጥርስ የበለዘ ነው። ልጅ ሳለን ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሆነ ምንም አይመስለንም ነበር፤ ሌላ ከተማ ሄደን ሰው አፋችንን እያየ ሲያወራን ነው የገባን።

ምክንያቱ ውሃው ነው። ያለንበት ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ መሬት ነው። ከመሬት በታች ያለው ውሃ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ ፍሎራይድ የሚባለውን፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዘውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ እዚህ ብዙ ጉድጓዶች የዚህን እጥፍ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በጣም የበለጠ አላቸው። የወንጂን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሆላንዶች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ከጀመረ በኋላ ለሠራተኛው መንደሮች የተቆፈሩት ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው ከፍተኛ ነበር። የልጆቹ ጥርስ በለዘ፤ ያንን ውሃ ለብዙ ዓመታት ከጠጡት አዋቂዎች መካከል ደግሞ አንገትና ወገባቸው ደርቆ ጎንበስ ማለት ያቃታቸው ነበሩ።

ፍሎራይድ አይታይም፣ አይሸትም። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ይጠነክራል። ውሃ ማከሚያው ውሃ አጋርም በረኪናም ምንም አያደርጉትም። ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ግን ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። በየዓመቱ ክረምት ቆርቆሯችን ላይ እየደበደበ ወርዶ በቦይ የሚሄደው ያ ውሃ፣ ለልጆቻችን ጥርስና ለእኛ አጥንት የሚያስፈልገው ራሱ ነው። ይኼን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የዝናቡ ውሃ ለአፍ ብቻ ይሁን። ለመጠጥ፣ ለሻይ፣ ለወጥ። ልብሱን፣ ገላውን፣ ወለሉን በጉድጓዱ ወይም በቧንቧው ውሃ ጨርሱት። ሮቶው ጢም ብሎ ሲታይ "ትንሽ ብቀዳለት ምን አለበት" ያሰኛል፤ እንደዚያ እያሉ ኅዳር ላይ ባዶ ያደረጉ ቤቶች አውቃለሁ።

ምን ያህል ይበቃናል?

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የሚፈናጠረውንና የምንደፋውን ቀንሱና 80 በመቶውን ያዙ። ጣሪያውን ስትለኩ ተዳፋቱን ሳይሆን ከታች መሬት ላይ የሚሸፍነውን ስፋት ነው የምትለኩት፤ ወጣ ያለው ክፈፍም ይቆጠራል። የእኔ ቤት 40 ካሬ ነው። 20 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ ደህና ዝናብ ከ600 ሊትር በላይ ይሰጠኛል። በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ለዚህ ጣሪያ ሲሰላ 22,000 ሊትር አካባቢ ማለት ነው። ከአንድ ተራ ቆርቆሮ ቤት!

ችግሩ የዝናቡ ማነስ ሳይሆን ማስቀመጫው ነው። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ያዙ። አምስት ሰው ካላችሁ 25 ሊትር። የ5,000 ሊትር ሮቶ መስከረም መጨረሻ ላይ ሞልቶ ቢያድር 200 ቀን ያደርሳል፤ እስከ ሚያዝያ ማለት ነው። በመሃል የበልግ ዝናብ ትንሽ ከጣለ ደግሞ ይደጉመዋል።

5,000 ሊትር የሚገዛበት አቅም የለም? አውቃለሁ፣ እኔም የጀመርኩት በ500 ነው። ያኔ ውሃው ለማን እንደሆነ መወሰን ነው። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ የሚሠራው በሕፃንነት፣ እስከ ስምንት ዓመት አካባቢ ነው፤ ጉዳቱም ያኔ ነው የሚገባው። ሁለት ትንንሽ ልጆች በቀን አንድ ሊትር ተኩል፣ አንድ ሊትር ተኩል ቢጠጡ 500 ሊትር ከአምስት ወር በላይ ይቆያል። እኛ ትልልቆቹ ያለውን እንጠጣለን፤ ጥርሳችን ከበለዘ ቆይቷል። እሱም ሳይኖር ቀርቶ አንድ ንጹሕ በርሜል ብቻ ካላችሁ በእሱ ጀምሩ፣ ለሕፃኑ።

ጣሪያና አሸንዳ

ቆርቆሮ ጥሩ ነው። ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ዝናብ ቶሎ ያጥበዋል። ትንሽ ዝገት ጣዕሙን ይለውጠው ይሆናል እንጂ ብዙ አያስፈራም፤ እየተፈረፈረ የሚወርድ ከሆነ ግን ያንን ቆርቆሮ ቀይሩት። ሳር ክዳን ለመጠጥ አይሆንም። ቀዳዳው በሬንጅ የተደፈነ ወይም እርሳስ ባለው አሮጌ ቀለም የተቀባ ጣሪያም አይሆንም። ቤቱ ሁለት ክንፍ ካለው ደህናውን ክንፍ ብቻ ተጠቀሙ፤ ሁሉንም መሰብሰብ ግዴታ አይደለም። የማድቤት ጭስ የሚወጣበትን ጎን ተዉት።

ከጣሪያው በላይ ዛፍ ካለ ቅርንጫፉን ቁረጡ። እኛ ጋ ግራር ነው። የግራር ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ በወንፊት ያልፋል፣ አሸንዳ ውስጥ ገብቶም እንደ ጭቃ ይጋገራል። ከቅጠሉ የሚብሰው ግን አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ነው። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ግራሩ ላይ ያድርና ጠዋት ቆርቆሮው ነጭ ሆኖ ይገኛል። ዛፉን መቁረጥ አልወድም፣ ጥላውንም እፈልገዋለሁ፤ ግን ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ ያለ ርኅራኄ ነው ያስቆረጥኩት።

አሸንዳ ለማንኛውም ቆርቆሮ ሠሪ ብትነግሩት አጥፎ ይሠራላችኋል። እናንተ መቆጣጠር ያለባችሁ ተዳፋቱን ነው። በየአንድ ሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይበል፤ ለስምንት ሜትር ግድግዳ ከጫፍ ጫፍ ስምንት ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ካነሰ ውሃ ይተኛበትና ትንኝ ይፈለፈልበታል። ሊቬላ (የእኩልነት መለኪያው) ከሌለ ግልጽ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ በሁለቱ ጫፍ ልኩን ያዙና ክር ወጥሩ። መያዣ ብረቶቹ በየ50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ፤ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚቆጥቡት፣ ከዚያ የነሐሴ ዶፍ ሲመጣ አሸንዳው መሃሉ ላይ ይጎብጥና ውሃው ግማሽ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ሲጨርሱ ሠራተኛው ሳይሄድ አንድ ጀሪካን ውሃ ጣሪያው ላይ አስደፉና ወዴት እንደሚሄድ ቆማችሁ እዩ።

የመጀመሪያውን ውሃ ድፉት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይኼን ውሰዱ። ዝናብ ሲጀምር ጣሪያውን ነው የሚያጥበው። አቧራው፣ የወፍ ኩሱ፣ ጥላሸቱ፣ የሞተው ተባይ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይወርዳል። አታምኑኝ፣ በብርጭቆ ቀድታችሁ እዩት። የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ እኔ ቀድቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት፦ እንደ ጠላ የደፈረሰ ቡናማ፣ ላዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብና የላባ ፍቅፋቂ፣ ሲያድር ደግሞ ጣት የሚያህል ዝቃጭ ከታች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የቀዳሁት ብርጭቆ አጠገቡ ነበር፤ በእሱ በኩል የግድግዳው ቀለም ይታያል። በመጀመሪያው ዓመት ያንን ቡናማውን ነው ሮቶ ውስጥ የከተትነው። ውሃው በሁለት ሳምንት ሸተተ።

ስንት ይደፋ? ቢያንስ ለአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር። አቧራ በሚበዛበት ቦታ ወይም ከብዙ ቀን ፀሐይ በኋላ አንድ ሊትር አድርጉት። ለ40 ካሬ ከ20 እስከ 40 ሊትር መሆኑ ነው። ከበጋ በኋላ የሚመጡትን የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ዝናቦች ደግሞ እስከነጭራሹ ልቀቋቸው። ያሳሳል፣ ግን ልቀቋቸው።

በጣም ቀላሉ መንገድ መውረጃውን ቱቦ በእጅ የሚዞር ማድረግ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ከአሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ በኋላ፣ የሚወርደው ውሃ ጥርት ሲል፣ ወጥታችሁ ወደ ሮቶው ታዞሩታላችሁ። ምንም ወጪ የለውም፣ እኔም አንድ ክረምት እንደዚያ ነበር ያደረግኩት። ግን ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚጥለውን ዝናብ ማን ይነሣለታል? ወይ ሳታዞሩት ጥሩው ውሃ ያልፋችኋል፣ ወይ ማታ ሮቶው ላይ ትታችሁት ትተኙና ቆሻሻው ይገባል።

ስለዚህ ቧንቧ ሠራተኛውን እንዲህ በሉት፦ መውረጃው ሮቶው ጋ ከመድረሱ በፊት "ቲ" የሚባለው ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ይግባለት። አንዱ አፍ ወደ ሮቶ ይሄዳል፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ወደታች ይወርዳል። ወደታች የሚወርደው ባለ 160 ሚሊ ሜትር ወፍራም የፒቪሲ ቱቦ ይሁን፣ ከታች ጫፉ በሚከፈት ክዳን ይዘጋ። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ እዚያ ይገባል፤ ሲሞላ ቀጣዩ ንጹሕ ውሃ በላዩ አልፎ ወደ ሮቶ ይሄዳል። ይኼ ቱቦ በአንድ ሜትር 18 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ሁለት ሜትር ተኩል ብታደርጉት 45 ሊትር። ባለ 110 ሚሊ ሜትሩ በሜትር 9 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ለትንሽ ጣሪያ ካልሆነ አይበቃም። ጎረቤቴ በቱቦው ፋንታ ክዳኑ የተጠረቀመ በርሜል ከታች ገጠመ። የውሃው ግፊት ክዳኑን አፈነዳው። ቱቦው ይሻላል።

ከታች ያለው ክዳን ላይ በቀጭን ሚስማር ቀዳዳ ብሱ። ውሃው እየተንጠባጠበ በአንድ ቀን ባዶ ይሆንና ለሚቀጥለው ዝናብ ይዘጋጃል። ቀዳዳው ይደፈናል፣ በየሳምንቱ በሚስማር ጎርጎር አድርጉት፤ በየወሩ ክዳኑን ከፍታችሁ ዝቃጩን አፍስሱ።

ሮቶው የሚቀመጥበት

5,000 ሊትር ውሃ አምስት ቶን ነው። እኛ ጋ አፈሩ አመድ የመሰለ ልል ነው። የመጀመሪያው ትልቁ ሮቶዬ የተቀመጠው ዙሪያውን ብሎኬት ተደርድሮ መሃሉ በዚያው አፈር በተሞላ መደብ ላይ ነበር፤ የሠራው ሰው "ችግር የለውም" አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ነሐሴ ላይ ሲሞላ በአንድ ጎን ሰመጠ። ሮቶው ዘመመና የቧንቧው አንገት ተሰበረ። ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስስ አድሮ ጠዋት ስንነሣ ጓሮው ረግረግ ሆኗል። ባለቤቴ ያን ቀን አለቀሰች። የዓመት ውሃችን ነበር።

አሁን ያለው መደብ እስከ ጠንካራው አፈር ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ተጠቅጥቆ፣ ላዩ ላይ ብረት የገባበት 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት የተሞላ ነው። ከሮቶው ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ይወጣል። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቧንቧው ሥር ቆሞ እንዲሞላ። ሮቶው ጥቁር ይሁን፤ ብርሃን ከገባ ውሃው አረንጓዴ ይይዛል።

መቅጃ ቧንቧው ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ዝቃጩ ከሥር እንዲቀር። ለማጠቢያ ደግሞ ከታች ሌላ መክፈቻ ይኑረው። የሚገባው ቱቦ ሮቶው ውስጥ እስከ ታች ወርዶ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከላይ የሚወረወር ውሃ ዝቃጩን ያነሣሣዋል። ሲሞላ የሚተርፈው የሚወጣበት ቱቦም ከሚገባው እኩል ይስፋ።

የወባ አገር ላይ ነን። መግቢያውም፣ መተንፈሻውም፣ ማስተረፊያውም በደቃቅ የትንኝ ወንፊት ይሸፈን፣ በሽቦ ይታሠር። ክዳኑ ይቆለፍ፤ ለትንኝ ብቻ ሳይሆን ለልጆችም።

ሌላ የምፈራው ነገር አለ። በቲማቲምና ሽንኩርት እርሻዎች አካባቢ ባዶ የፀረ ተባይ ጀሪካንና በርሜል ገበያ ላይ ይሸጣል። ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው። በምንም ዓይነት ማጠብ ለውሃ አይሆንም። የመጣበትን የማታውቁትን ዕቃ አትግዙ።

ከሮቶ ወደ ብርጭቆ

ሁሉንም በሥርዓቱ ብትሠሩም ጣሪያ ላይ ወፍ መቀመጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ለመጠጥ የምትቀዱትን አክሙት። ሮቶውን ሙሉ ሳይሆን የዕለቱን ጀሪካን ብቻ። ውሃ አጋርን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ወይም አፍሉት፦ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ያላችሁ፣ እንደ አዲስ አበባ፣ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ አድርጉት። ማገዶና ክሎሪን ሲጠፋ ጥርት ያለውን ውሃ በግልጽ የላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ ቆርቆሮ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ አስመቱት፤ ደመና ከበዛ ሁለት ቀን። ከጥቅምት እስከ ጥር ይኼ በደንብ ይሠራል፣ ሐምሌ ላይ አትመኑበት። ለጡጦ የሚሆነው ሁልጊዜ ይፈላ።

በመጀመሪያው ዓመት ልጃችን ሆዷን ያመማት ከሮቶው ሳይሆን ከቤት ውስጥ ባልዲያችን ይመስለኛል። ሁላችንም በአንድ ጣሳ እየጠለቅን ነበር የምንጠጣው። አሁን በአፈ ጠባብ ጀሪካን ነው የምናስቀምጠው፣ አዘንብለን ነው የምንቀዳው። ጀሪካኑን በጠጠርና በሳሙና አንቀጫቅጬ በየሳምንቱ አጥበዋለሁ።

የዝናብ ውሃ መጀመሪያ ላይ ጣዕም የለሽ ይመስላል፤ የጉድጓዱን ለለመደ አፍ ልል ይላል። በሳምንት ትለምዱታላችሁ። ሻይ ስታፈሉበት ልዩነቱን ታያላችሁ፣ ቀለሙ ቀላ ብሎ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ግን ጥርሳቸውን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ አለባቸው፤ ትንሽ ፍሎራይድ ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል፣ ዝናቡ ደግሞ እሱንም አይሰጣቸውም። አተር የምታህል በቂ ናት፣ ሳይውጡ ይትፉት።

በጋ ላይ ሮቶውን በጣታችሁ አንጓ ከላይ እስከ ታች አንኳኩ። ውሃ ያለበት ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ባዶው ያስተጋባል። በየወሩ መጀመሪያ የድምፁ መለወጫ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ጥር መግቢያ ላይ ከግማሽ በታች ከወረደ ወጡን ወደ ሌላው ውሃ መልሱና ለመጠጥ ብቻ አቆዩት። አሁንም ካነሰ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር።

ግንቦት ላይ፣ ሊያልቅ ሲል፣ እጠቡት። የቀረውን በታችኛው መክፈቻ አስወጡና ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጉ። በ10 ሊትር ባልዲ ውስጥ አንድ ሲኒ ሽታ የሌለው በረኪና ጨምሩና ውስጡን ሁሉ አዳርሱት፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይለቅለቅ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ። ሰው ውስጥ የሚገባ ከሆነ ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ውጭ አንድ ሰው ቆሞ ያናግረው። በዚያው ቀን መሰላሉን አዙሩና ጣሪያውን ጥረጉ፣ አሸንዳውን ጥረጉ፣ ወንፊቱን ቀይሩ፣ የቱቦውን ክዳን ከፍታችሁ ቀዳዳውን ፈትሹ። ከዚያ መውረጃውን ከሮቶው ነቅላችሁ ወደ ውጭ አዙሩት፤ የሰኔ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን አጥበው እስኪጨርሱ እንደዚያው ይቆይ።